ማሳ

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል፣ መኪና ግርግር አፍ ላይ፣
ፔጆዋ ደርቃ ቆመች፤ ሰኞ፣ በረፋድ ፀሐይ።
ቁልፉን አዞርኩት። ጠቅ።
ደገምኩት። አሁንም ጠቅ።
ከዚያ ወዲያ ዝም፤ ብትለምን፣ ብትጠይቅ።

መንገዱን ስም ያወጡለት የስፌት መኪኖች ናቸው፣
ከማለዳ እስከ መግሪብ ግር ግር የሚል መርፌያቸው።
ያ ሁሉ መኪና ሲያጓራ፣ ያ ሁሉ ብረት ሲንጫጫ፣
የኔዋ መኪና ብቻ ዝም፤ የሰፈር መላገጫ።

ሳምንቱን ሙሉ ስትነሳ የከረመችው በግፊያ ነው፤
ዛሬ ገፊዎቼ ልጆች ፈተና ተቀምጠው፣
የቀረኝ ምክር ብቻ። ምክር ባትሪ አይፈልግም።
ጫት ሻጯ ፈቲሓ፣ ከዙርባዋ ቀና ሳትል፣
«ባትሪው ነው» አለች። ልብስ ሰፊው አብዱሽ፦ «የለም፣ በል
ሞተሪኖውን በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው፤ ይነቃል!»

ከፈትሂ ሱቅ አዲስ ባትሪ በዱቤ አወጣሁ፤
አሰርኩት፤ ቢስሚላህ ብዬ አዞርኩ።
ጠቅ። ዕዳ ገዛሁ።

ጋሽ መንበሩን ማን እንደጠራልኝ እስካሁን አላውቅም።
ከድሬ ባቡር ጋራዥ ጡረታ የወጣ፣ ባንድ ጆሮው የማይሰማም።
መሣሪያው ሁለት ሽቦ ያበቀለች የፍሬቻ አምፖል ናት።
«የፊት መብራቷን አብራ» አለኝ፤ «በል አሁን ቁልፉን ስጣት።»
ጠቅ። መብራቱ ግን እንደፈጠጠ፤ ዓይኑን አላርገበገበም።
«ባትሪህ ደህና ነው» አለ፤ «የጣልከው አሮጌውም አልሞተም።
ኪስህ ነው የሞተው።

ማሳዋ ተበጥሷል።»

«ማሳ?» አልኩት፤ «ጋሼ፣ የኛ ማሳ ኤረር ነበረ፤
አጎቴ ወረሰው እኮ።» ሳቁን ዋጠና ተናገረ፦
«እሳት እንደ ሰው አይደለም፤ ወጥቶ አይቀርም የትም፤
መመለሻውን ሳያይ እግሩን አያነሳትም።
ከባትሪው ይወጣል፣ ሞተሪኖውን ያዞራል፣
በራሷ ገላ አድርጎ ወደ ባትሪው ይገባል።
መግቢያው ከተዘጋበት መውጫውም ያው ተዘጋ፤
ማሳ ማለት ያ መግቢያ ነው። ከሥር ግባ፤ ፈልገው ከሞተሩ ጋ።»

በጀርባዬ ገባሁ። አቧራ፣ የቆየ ዘይት፣ የራሴ ትንፋሽ።
አገኘሁት፦
ከሻሲው ወደ ሞተሩ የሚሻገር የመዳብ ጉንጉን፣
አረንጓዴ ለብሶ፣ ጫፉ ላይ ተበጣጥሶ፣
በቀይ የስፌት ክር ተጠምጥሞ፣ በኮት ገበር ቁራጭ ታስሮ።
ይህን ቋጠሮ አውቀዋለሁ፤ የትምህርት ቤት ጫማዬን ሁለቴ አዙሮ
እንዲህ ነበር የሚያስርልኝ አባቴ።

ሃያ ዓመት ነድቷታል፤ ነገሩን ለማንም አልነገረም።
አንድ ልማድ ብቻ ነበረው፦ ሜዳ ላይ አያቆማትም።
ሠርግ ቢሄድ፣ ለቅሶ ቢሄድ፣ ቁልቁለት ፈልጎ ዞሮ ዞሮ፣
አፍንጫዋን ወደ ታች፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ወትፎ።
እኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር፤ መንደሩ አሻቅቦ እንዲያያት።
ያውቅ ነበር ለካ።
አልጠገናትም፤ ተስማሙ እንጂ።

ጋሽ መንበሩ ከጓዙ አንድ ክንድ ኬብል መዝዞ ሰጠኝ፤
ዝገቱን በአሸዋ ወረቀት ፈገፈግኩ፤ ብሎኑ ጣቴን ላጠኝ።
በአሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አጠበቅነው።
«በል» አለ። አዞርኩ።

አብዱሽ እግሩን ከፔዳሉ አነሳ፤ ጎረቤቱም፤ የዚያኛውም ጎረቤት።
ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ በመኪና ግርግር አፍ፣
ግር ግር የምትል መኪና የኔዋ ብቻ ነበረች።

ቀዩን ክር ኪሴ ከተትኩት። የፈትሂ ዕዳ አለ፤
እሱም እንደ እሳት ነው፣ መመለሻውን እያየ ያለ።

ማታ ደጃፌ ላይ ደህና ሜዳ ነበር፤ አልፌው ሄድኩ።
መብራት ከሌለበት ቁልቁለት፣ አፍንጫዋን ወደ ታች አዙሬ፣
ድንጋይ ፈለግኩ።